ሞተር የሌለው ጄት

የእህቴ ባል ጦሩ የጣለውን አሮጌ ጄት በብረት ዋጋ ገዝቶ ጎማ መሸጫው ግቢ ውስጥ ገተረው። ሞተሩን አውጥቼ ለብረት አቅላጮች ያስጫንኩት እኔው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጦሩ ቤት እንዲህ ያለ ጄት ስጠግን ኖሬ፣ «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ምን ያውቃል» ብለው አባረሩኝ፤ አሁን ደግሞ የእህቴን ባል ቆርቆሮ እወለውላለሁ።

ትናንት ከሰዓት ፎቶ ልነሳ ብሎ አብራሪው ወንበር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ና እስቲ ጄኔራል፣ ጌቶችህን አብራሪዎቹን ታስራቸው እንደነበረው አርገህ እሰረኝ» አለ። የጎማ መሸጫው ሠራተኞች ሳቁ።

ቀበቶውን አጥብቄ አሰርኩለት። ከወረድኩ በኋላ፣ የድሮ ልማዴ ነውና፣ የጄቱ ሆድ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። እኛ የሞተሩን ደህንነት የምናውቀው በንዝረቱ ነበር።

ብረቱ ይንቀጠቀጣል።

«አትነቅንቀው እንጂ» አለ ከላይ።

«ማን ነካው?»

«ቀልዱ ይብቃህ። ቀበቶው አልፈታ አለኝ፣ ና ፍታኝ አንተ።»

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ትተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከጭራው በስተኋላ ያለው ሣር መሬት ላይ ተለጥፎ ይጠወልግ ጀመር።

«ወንድሜ» አለኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ጎንበስ አልኩና ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ የያዙትን ድንጋዮች አንድ በአንድ አነሳሁለት።