የታዘብ ፈቃድ

እንስሳ ራሱ ካልፈቀደ ማደንዘዣ አይወጋም የሚል ሕግ ወጥቷል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ምንተስኖት እንስሳን በሰው ቋንቋ የሚያናግረውን ቀበቶ ለሽማግሌው ውሻ አንገቱ ላይ አሰረለትና ጠየቀው።

«ታዘብ፣ ሁለት ጥርስህ ተሰብሮ መግል ይዟል። አስተኝቼ ላውጣልህ? ዕድሜህ ስለገፋ ግን ላትነቃም ትችላለህ።»

«አጥንት ነው የሰበረው» አሉ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ጭንቅላቱን እያሻሹ። «ድግስ በሄድኩ ቁጥር ለእሱ ሳልይዝ አልመጣም።»

«አጥንት አይደለም፣ እትዬ» አለ ውሻው በቀበቶው በኩል። «ሰንሰለቱን ሳኝክ ነው።»

ወይዘሮ ዘርፌ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ግቢ እንዲጠብቅላቸው ማታ ይፈቱታል፣ ሲነጋ ያስሩታል። ከቡችላነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አሁንም ሰንሰለቱን እጃቸው ላይ ጠምጥመው ይዘዋል።

«ስነቃ ሰንሰለቱ ይኖራል?» ሲል ታዘብ ጠየቀ።

ዶክተሩ መልሱን ፍለጋ ወደ ወይዘሮዋ ዞረ።

«ውሻ ቀን ቀን ይታሰራል» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ይሄ ምን ይጠየቃል?»

ታዘብ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ለመርፌው ዘረጋ።

«እንግዲያው ዶክተር፣ እንዳልነቃ አድርገው ያስተኙኝ። በጥርሱ አይድከሙ።»