አራት ጊጋ ይበቃኛል

ጡረተኛዋ ሴትዮ ዴስክቶፓቸውን በታክሲ ጭነው ጥገና ሱቁ አመጡት።

«እሁድ እሁድ ልጆቼ በቪዲዮ ይሰበሰባሉ። እኔ ገና አፌን ስከፍት ይቋረጣል። ሜሞሪው አንሶሽ ነው አሉኝ።»

«ማን ነገረዎት?» አለ ወጣቱ ጠጋኝ።

«እነሱው ናቸዋ!»

ጠጋኙ አዲስ ስምንት ጊጋና ያገለገለ አራት ጊጋ አሳያቸው።

«አራት ይበቃኛል፤ ወሬ እንጂ ሌላ ምን አለኝ?» ብለው ርካሹን መረጡ።

ዕለቱ እሁድ ስለነበር ገጥሞ እዚያው ከጥሪው አገናኛቸው። አምስት ፊቶች እየተሳሳቁ ብቅ አሉ።

«ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?»

ፊቶቹ ጠፉ።

«አየህ? ሁሌም እንዲህ ነው!»

ስክሪኑ ላይ «ሰብሳቢው ከስብሰባው አስወጥቶዎታል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀረ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«አራቱ አልበቃም ይላል፣ እማማ» አለና አዲሱን በርካሹ ዋጋ ይገጥምላቸው ጀመር።