ባዶው ካሜራ

በሟች አባቱ ቃል ላይ እጁን የሚያነሣ ልጅ ከሳሽ አያስፈልገውም፤ ራሱ ለራሱ ይበቃዋል። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት ጠባብ መኝታ ክፍል የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

ታላቁ ልጅ በአባቱ ባዶ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ ገመድ ይሰካ ነበር። ገመዱ ሦስት ጫፍ አለው፤ ቢጫው ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ። በቤቱ ያለው ይህ አንድ ብቻ በመሆኑ ከቴሌቪዥኑ ነቀለውና አንዱን ወገን በቪዲዮ ካሜራው መውጫ፣ ሌላውን በካሴት ማጫወቻው፣ በዴኩ፣ መግቢያ አስገባ። ካሴቱ ወደ መነሻው ተመልሶ አስቀድሞ በዴኩ ውስጥ ነበረ።

በዚያ ካሴት ላይ የአባቱ የመጨረሻ ቃል አለ። ሽማግሌው ቀኝ ጎናቸው በድን ሆኖ ብዕር መያዝ ስለ ተሳናቸው፣ ስድስት ዓመት ያስታመመቻቸው ሴት ልጃቸው በዚሁ ካሜራ ቀድታላቸው ነበር። ታላቁ ልጅ ትናንት ብቻውን ከፍቶ ተመለከተው። «ቤቱ ለእሷ ይሁን» የሚለውን እንደ ሰማ ግን ደሙ ፈላ፤ አጠፋው። ቀሪውን አልሰማም።

«ባዶ ነገር በላዩ መቅዳት ነው፤ አለቀ» አላት በሩን ተደግፋ ለቆመችው ሚስቱ።

«ታዲያ ካሜራው ምን ይሠራልሃል?»

«ምንም ካልሰካሁበት ዴኩ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ፕሮግራም ነዋ የሚቀዳው። በአባዬ ካሴት ላይ የዛሬ ዜና ሲነበብ ያምርሻል? ይሄ ግን ካሴት የለውም። ሆዱ ባዶ ነው፤ ምን ሊያወጣ?»

«አንተ መቼም ሰይጣንን ቁጭ አድርገህ ታስተምራለህ።»

ካሜራውን አብርቶ መደርደሪያው ላይ አኖረውና የዴኩን መቅጃ ተጫነ። ቴሌቪዥኑ ገመድ ስላልተረፈው ጨለማ ነበር። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሲጠብቁም ዝም አላሉም። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የውጪው በር ተንኳኳ። ባልየው ዘሎ ተነሣ፤ መቅጃውን አቁሞ ገመዱን ከካሜራው ነቅሎ እንደ ቀድሞው ዴኩንና ቴሌቪዥኑን አገናኘበት።

የገቡት እኅቱና የአባቱ ታናሽ ወንድም ነበሩ። አጎትየው ከሩቅ የመጡት የወንድማቸውን ቃል ሰምተው ንብረቱን ሊያከፋፍሉ ነው። በምርኩዛቸው ተደግፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ወንድሜን አሰማኝ» አሉ።

እኅቲቱ መሬቱ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ድምፁን ጨምርልኝ። ካሴቱን አንድም ቀን አልከፈትሁትም፤ አባዬ ናፍቆኛል» አለችው።

«እጨምርልሻለሁ፣ እኅት ዓለም። ብቻ ካሴት እንደ ሰው ነው፤ ይታመማል። በደንብ ቀድተሽው ከሆነ እናያለን።»

ካሴቱን ወደ መነሻው መልሶ አጫወተው። የቴሌቪዥኑ መስኮት ነጭ ነጭ ረጨ፤ ከዚያ ጠራ። የታየው ይኸው ክፍል ነበር። አልጋው ባዶ ነው። ከአልጋው ሥር ባልና ሚስት ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ካሜራ የሚያየው በዓይኑ መስተዋት ነው እንጂ በካሴቱ አልነበረም፤ ሆዱ ባዶም ቢሆን ያየውንና የሰማውን ሁሉ በገመዱ ለዴኩ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር።

«በሽተኛ ለማገላበጥ ቤት ይሰጣል እንዴ?» አለች በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ሚስት።

«ሰጣት እኮ! ‹ቤቱ ለእሷ ይሁን› ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ቆይ ብቻ፤ ካሴቱን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ እላታለሁ። ከማልቀስ ሌላ ምን ታውቃለች?»

«አጎትህስ?»

«እሱ? ራዲዮ ለመዝጋት እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው!»

ታላቁ ልጅ ገመዱን ሊመነጭቅ ተወረወረ። አጎትየው ምርኩዛቸውን በደረቱ ላይ ደገኑ።

«ተወው። የሚዘጋልኝ ጎረቤት እስኪመጣ ይናገር።»

ሚስቲቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። በመስኮቱ ውስጥ በር ተንኳኳ፤ ሰውየው ዘሎ ተነሣ፤ ምስሉ ተቆረጠ። ያን ጊዜ፣ ሳይደመሰስ በቀረው የካሴቱ ክፍል ላይ፣ ሳይታሰብ ሽማግሌው ታዩ። በትራስ ተደግፈዋል፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ ቃሉን አንድ በአንድ እያማጡ ያወጡታል።

«…እሱ ደግሞ ለታላቁ ልጄ ነው። እንዳትነፍጉት። ቢርቀኝም ልጄ ነው።»

መስኮቱ ጠቆረ።

እኅቲቱ በጉልበቷ ሄዳ መዳፏን በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ አሳረፈች። «ድገመው» አለች። ወንድሟ አልተንቀሳቀሰም። እሷው ካሴቱን መለሰችው፤ ሽማግሌው ያንኑ ብቻ ተናግረው እንደገና ጠፉ። ሦስተኛም ደገመችው።

«‹እሱ› ያለው ምኑን ነው?» ብለው ጠየቋት አጎቷ።

«አላውቅም፣ አጎቴ። ካሜራውን ሳቆምለት ‹አንቺ ውጪ፤ አስገድዳው ነው እንዳይሉሽ› አለኝና ወጣሁ። ከጋሼ በቀር የሰማው የለም።»

አጎትየው ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ምኑን ነው የሰጠህ?»

ታላቁ ልጅ የጨለመውን መስኮት እያየ፣ «እስከዚያ ድረስ አልሰማሁም» አለ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዳኛ ካሴቱን ተመልክቶ፣ በራሱ በአጥፊው አንደበት በተመሰከረው መሠረት ቤቱን ለእኅቲቱ አጸና። በታላቁ ልጅ ላይ የአባቱን ኑዛዜ በማጥፋቱ የአንድ ዓመት ከስድስት ወር እስራት፣ በሚስቱ ላይ በመተባበሯ የሦስት ወር እስራት ፈረደ። አባትየው ለታላቁ ልጃቸው የተናዘዙት ምን እንደ ነበረ ሊታወቅ ስላልቻለ አልተሰጠውም።