የመስኮቱ አልጋ

ዋርድያው ፈሪ ነበር። ሚስቱ ታውቃለች፣ እሱም አይክድም። አስራ ስምንት ዓመት ማረሚያ ቤት ሲሠራ ዱላውን በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም። ደግነት ነው ሲሉለት ግን አሜን ብሎ ይቀበላል።

ያን እሁድ ለመፍራት በቂ ምክንያት ነበረው። እሱ በሚጠብቀው አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ ምስክር አለ። ድሮ የአንድ ሀብታም ሾፌር ነበር፤ አሁን የራሱን ቅጣት እየጨረሰ ነው። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ ሀብታሙ ሰው ሲያስገድል ያየውን ሊናገር ነው። ሀብታሙ ደግሞ እጁ ረጅም ነው፤ ሰው ልኮ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሊያስጨርሰው እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ገና በጠዋቱ ዋርድያውን ቢሮው አስጠርቶት ነበር።

«እሱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ» አለው፣ «ታስረህ ቦታውን የምትይዘው አንተ ነህ።»

ዋርድያው ከዚያ በኋላ ቁርስ አልበላም።

የምስክሩ ቦታ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ነው። ሌላው ሁሉ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ስለሚተኛ፣ ያ አልጋ እንደ ሹመት ይቆጠራል። ለምስክሩ የደረሰው በቅርቡ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተኛበት ሽበቴ የሚሉት ሽማግሌ በአመክሮ ሲፈታ ማለት ነው። ሽበቴ የወጣ ቀን ሳቅ ነበር። አዲስ ኮት ተሰጥቶታል፣ ማደሪያ መጠለያ ተፈልጎለታል፣ በየወሩ እየቀረበ የሚፈርምበት የአመክሮ ሹም ተመድቦለታል። እሱ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ከእንግዲህ ማታ ማታ ማን ነው የሚቆጥረኝ ብሎ ጠየቀ። የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዋርድያውም አልቀረ። ከዚያ በኋላ አልጋው ለሌላ ተሰጠ፣ ነገሩም ተረሳ።

እሁድ የጥየቃ ቀን ነው። ጠያቂ ሲገባ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ይቀበላል፤ ሲወጣ ይመልሳል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጠያቂው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር አልተመለሰችም።

የግቢውን በር የያዘችው ለዚያች ቀን ብቻ ከሌላ ቦታ የመጣች ተተኪ ዋርድያ ነበረች። ኃላፊው ፊት ቀርባ ተጠየቀች። ሰውዬውን ታስታውሰዋለች፤ ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ዓይን ለዓይን የማይገጥም ሰው ነው። ምንም ዕቃ አልያዘም።

«ማንን ነው የሚጠይቁት ስለው ስም አልጠራም» አለች። «አራት ቁጥር፣ የመስኮቱ አልጋ ነው ያለኝ።»

ዋርድያው ይህን ሰማ። ገዳዩ አልጋውን ሳይቀር አውቆ ነው የመጣው።

ወዲያው ታራሚዎቹ ግቢው መሀል ወጥተው በየክፍላቸው ተሰለፉ። እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱ ቁጥሩን እየጠራ፣ የአራት ቁጥር ክፍል ሰዎች ከአንድ ጀምረው አርባ ላይ ጨረሱ። ከየትኛውም ክፍል አንድም የጎደለ የለም። ምስክሩም ቆሟል፣ ከንፈሩ ደርቆ። እንግዲህ ያመለጠ ታራሚ የለም፤ ሰውዬው ራሱ እዚሁ ትርፍ ሆኖ ተደብቋል ማለት ነው።

ኃላፊው እንግዳ ሰው ያየ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንግዳ ሰው አላየንም አሉ፣ ባንድ አፍ። ግን ገሚሱ መሬት መሬት ያያል፣ ገሚሱ ይጠቃቀሳል። ተገዝተዋል አለ ዋርድያው በልቡ። አስራ ስምንት ዓመት ያወቃቸው ፊቶች ሁሉ አስፈሩት።

እሁድ በመሆኑ የሰው ኃይል የለም። ሁለት ዋርድያዎች ምስክሩን መሀል አድርገው ቆሙ፤ ሌሎቹ ወደ ኩሽናና ወደ መጸዳጃው ሮጡ። አራት ቁጥር ለጠባቂዋ ለእሱ ደረሰችው።

ከግቢው እስከ ክፍሉ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሚስቱ ይሄን ሥራ ልቀቅ ስትለው የመለሰላት መልስ ሁሉ ትዝ አለው፤ አንዱም አሁን ቁም ነገር አልመሰለውም። ሌላ ጊዜ እሁድ ማታ ጠያቂ ያመጣው የለውዝ ቅርፊት የሚንኮሻኮሽበት የክፍሉ ደጃፍ ተጠርጎ ስለነበር ኮቴው አልተሰማም። በሩን በጣቱ ገፋ አደረገው።

ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል። መስኮቱ ሥር አልጋው ላይ ግን አንድ ሰው እስከ አናቱ ተከናንቦ ተኝቷል። ጫማዎቹ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ትራሱ አጠገብ የብረት ጠርዝ ያብለጨልጫል። ቢላ ነው፣ አለ ዋርድያው በልቡ። ምስክሩ ሊተኛ ሲመጣ እዚሁ ሊጨርሰው ነው።

መሮጥ ፈለገ። ደግሞ የምስክሩ የደረቀ ከንፈር ታየው። በአስራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላውን ከራሱ በላይ አነሳ።

«ተነስ!» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ወጣ።

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ሰውዬው ዓይኑን እያሻሸ ቀስ ብሎ ተነሳ። ዱላውን አላየውም፤ ዋርድያውንም አላየውም። ብርድ ልብሱን አራት አድርጎ አጠፈ። ትራሱን ሲያስተካክል ሠላሳ አንድ የተጻፈባት ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንኳኳች። ከዚያ አልጋው ግርጌ ሄዶ ቆመ፤ እግሮቹን ገጠመ፣ እጆቹን ወደኋላ አጣመረ፣ ሽበታም ራሱን ቀና አድርጎ ጮክ ብሎ ጠራ።

«አርባ አንድ!»