ከሄልሜቱ ሥር

«አሁን ወደ ግራ ዙርና ቶሎ ተመለስ» አለች ተናኘወርቅ።

የአብስራ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራሱ ላይ የደፋው የጎረቤታቸውን የሙሌን የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነው፤ በፊት መስታወቱ ላይ እናቱ በማርከር ትንሽ ቀለበት ስላበታለች። ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል የኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ የተሰጣ ልብስና የቆሙ መኪኖች ይታያሉ።

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ያቺ ነጭ መኪና ቀለበቱ ውስጥ ነች?»

«ነበረች። ስዞር ወጣች።»

ነገሩ የጀመረው ምሳ ላይ ነው። እሁድ ቤት ሲመጣ ሳህኑን ጠርጎ የሚበላው ልጅ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «ነገ ለአዛዡ እነግረዋለሁ፤ ወደ ማመላለሻ አውሮፕላን ያዛውሩኝ» አለ።

ለዓመታት ያበረራት ተዋጊ ጄት ታድሳለች። የድሮዎቹ ባለመርፌ መለኪያዎች፣ ጌጆቹ፣ በሙሉ ወልቀው በቦታቸው ሦስት ሰፋፊ ስክሪኖች ገብተዋል። ስክሪኖቹን በሳምንት ለመዳቸው፤ የከበደው ሄልሜቱ ነው። አብራሪው ፊቱን ወዳዞረበት ማነጣጠሪያው አብሮት ይዞራል፤ ዓይኑ ፊት ባለው መስታወት ላይ የሚበራውን ቀለበት ዒላማው ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የእሱ ቀለበት ግን አላርፍ አለ። በበረራ መለማመጃው ሲሙሌተር ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቴም ሳተ። ማክሰኞ የመጨረሻው ፈተና ነው።

«ዓይኔ ነው መሰለኝ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐኪም ዘንድ ብሄድና ዓይን ነው ቢሉኝ ማመላለሻም አያስነኩኝም። ከነጭራሹ ከሚያግዱኝ ራሴ ልውጣ።»

ተናኘወርቅ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት የአውሮፕላን ጌጅ ጠጋኝ ነበረች። «ሁሉም ወልቀዋል» ብሎ የነገራትን የእነዚያን ጌጆች መርፌዎች አንድ በአንድ በእጇ አቃንታቸዋለች። አብራሪዎች እየመጡ «ይሄ ጌጅ ይዋሻል» ሲሏት ጌጁን ከመክፈቷ በፊት የታሰረባቸውን ብሎኖች ነበር የምትፈትሸው። አብዛኛውን ጊዜ የላላው ብሎን ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ በረንዳው ላይ አቁማ፣ አንዱን ዓይኑን በየተራ እያስከደነች ከግቢው በር ማዶ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ አስነበበችው። እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ ወረደው።

«ዓይንህ ከእኔ ምላስ የተሳለ ነው» አለችውና የሙሌን ሄልሜት ልትለምን ወደ ታች ወረደች።

አሁን ከጀርባው ቆማ ዓይኗን ያሳረፈችው መኪናዋ ላይ ሳይሆን ሄልሜቱ ላይ ነው።

«እስቲ ድገመው።»

ዞረ፤ ተመለሰ። ራሱ ቀድሞ ሄልሜቱ ተከተለው፣ ሲቆምም ዘንበል ብሎ ቀረ።

«የእናንተውስ እንደዚህ ይላላል?»

«ኧረ የእኛው ያማል። እዚህ ጋ» አለና ግራ ጆሮ ግንዱን ነካ።

«በግራ ብቻ? በቀኝስ?»

አሰብ አደረገ። «በቀኝ ምንም አይሰማኝም።»

ሄልሜቱን አወለቀችና ሁለት እጇን ፀጉሩ ውስጥ ሰደደች። ፍለጋ አላስፈለጋትም። ከቀኝ ጆሮው በስተኋላ፣ አጥንቱ ጠፍጠፍ ያለበት ቦታ ላይ ጣቶቿ አረፉ።

«ለሄልሜቱ ራስህን ሲለኩህ ይሄን ነገርካቸው?»

«ሳጅን ነገሪ ‹ይመችሃል ወይ?› አለኝ። ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ‹ልክ ነው› አልኩት።»

«ሞኝ! ክፍት ቦታ ትተህበት ሄልሜቱ እንዴት ይቁም?»

ከጓዳ አሮጌ የፍላኔል ቁራጭ አምጥታ አጠፈች። ደግማ አጠፈችና ሄልሜቱ ውስጥ ወሽቃ መልሳ ደፋችለት። የአብስራ ወደ ግራ ዞረ፤ ተመለሰ። ወደ ቀኝ፤ ተመለሰ። ራሱን እንደ ግልገል አራገፈ። ከዚያ ነጯን መኪና ፈለጋት።

«እህ?»

«አለች» አለ። «እማዬ፣ መኪናዋ እዚያው ነች!»

ወዲያው ነገሪ ጋ ደወለ። ገና ማስረዳት ሳይጀምር ስልኩን ተቀበለችው።

«ልጄ፣ እናቱ ነኝ። ከቀኝ ጆሮው በስተኋላ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ሄልሜቱ በዚያ በኩል ሸሸት እያለ ነው ማነጣጠሪያውን የሚያዛንፈው። የውስጡን ስፖንጅ ከሞላችሁ በኋላ ማነጣጠሪያውን ከዓይኑ ጋር እንደገና ማናበብ እንዳትረሱ።»

ነገሪ «ስድስት ሚሊ» ብሎ ደገመላት። «እትዬ፣ እርስዎ የት ነው የሠሩት?»

«እናንተ ያወለቃችኋቸውን ጌጆች ስጠግን ነው ያረጀሁት።»

ነገሪ ከልቡ ሳቀ። «ነገ በጠዋት ይምጣልኝ። ከእጄ ሳይስተካከል አይወጣም።»

የአብስራ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የራሱን ቅል መደባበስ ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክሞት ሲዞር አንድም ቀን ልብ አላለውም።

«ወድቄ ነው?»

«ምን ትወድቃለህ!» ከአጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አራስ ሆነህ በቀኝ ጎንህ ብቻ ነበር የምትተኛው። አጥንትህ ገና ለጋ ነው፤ ራሱ ይጣመማል ብለው አስፈራሩኝ። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ወደ ግድግዳው አዞርሃለሁ። ዓይኔን ከድኜ ስገልጥ ተመልሰህ ዞረሃል።»

«ወዴት?»

«እኔ ወደተኛሁበት ነዋ።»

የአብስራ እጁን ከራሱ ላይ አወረደና ወደ ቀኙ ዞሮ አያት።