ጨው የተከለከለበት ቤት

በባልካን ተራራ ሥር ባለችው መንደር፣ ጥቅምት ሲያልቅ ሁሉም ቤት የጎመን በርሜሉን ይሞላል። ቬልኮም እንደ ወትሮው ምድር ቤት ባለው በርሜል ሠላሳውን ጥቅል ጎመን ደረደረ፤ ሚስቱ ስቶይና ጨውና ውሃውን ጨመረች፤ ከላይ የሚጫነውን ድንጋይ ቬልኮ ብቻውን አንስቶ አስቀመጠው። ከወር በኋላ ጫማውን ማጥለቅ አቃተው።

እግሮቹ አብጠው ነበር። ስቶይና በአውራ ጣቷ ስትጫናቸው ሊጥ እንደተወጋ ጎድጉደው ይቀራሉ።

ወጣቷ ዶክተር መጥታ ደረቱን አዳመጠች።

«ልባቸው ደክሟል፣ እማማ። ክኒኑን በሰዓቱ ይዋጡ። ጨው ግን ፈጽሞ እንዳይቀምሱ። እብጠቱ ሽቅብ ከወጣ ሳንባቸው ውሃ ይቋጥራል፤ ያኔ አናተርፋቸውም።»

ስቶይና በዚያው ቀን ጨውን ደፍታ ዕቃውን አጠበችው። አይቡንና ቋሊማውን ለቬልኮ ታናሽ ወንድም ለሚንቾ አሸከመችው።

«ይሄ ሾርባ ለከብት የሚሰጥ ነው» አለ ቬልኮ።

«ከብት ብትሆን ሳታጉረመርም ትበላው ነበር።»

ጠዋት ጠዋት እናቷ ለአባቷ ታደርግ የነበረውን ሁሉ አደረገች። ከበርሜሉ ቅጠል አውጥታ እግሩን ጠቀለለች፤ ከጎመኑ ውሃ አንድ ብርጭቆ አጠጣችው። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን በክር ለክታ ክሩ ላይ ትቋጥራለች። ቋጠሮው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገፋል።

ለዶክተሯ ደወለች።

«ከአንድ ቦታ ጨው እያገኙ ነው» አለቻት ዶክተሯ።

ስቶይና ሚንቾን አሰበች። ከሰዓት ከሰዓት ዳማ ሊጫወት ይመጣል፤ ካፖርቱን አያወልቅም። በማግስቱ በር ላይ ያዘችው።

«ኪስህን ገልብጥ!»

«እትዬ፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው።»

ቀዳዳው አጠገብ የቋሊማ ቁራጭ አገኘች።

«ለውሻዬ ነው! በልጆቼ!»

«ወንድምህን እየገደልከው ነው! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ቬልኮ ወንድሙ ምንም እንዳልሰጠው በእናቱ መቃብር ማለ። አላመነችውም። የምድር ቤቱን በር ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ሚንቾ ከቀረ ሳምንት ሆነ። እብጠቱ ግን ጉልበት አለፈ። ቬልኮ መተኛት አልቻለም፤ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ያለከልካል፣ ያቃስታል። ስቶይና የምትይዝ የምትጨብጠውን አጣች። ቅጠሉን በእጥፍ አደረገች፤ አንዱን ብርጭቆ ሦስት አደረገችው።

በመጨረሻ ዶክተሯ በረዶውን ሰንጥቃ መጣች። እግሩን በጣቷ ተጫን አድርጋ አየች።

«ማን ነው የሚሰጣቸው፣ እማማ?»

«ማንም ልጄ! ከእኔ እጅ በቀር ምንም አይቀምስም!»

ስቶይና እንባዋን እየጠረገች ምድር ቤት ወረደች፤ ሁለት ብርጭቆ ሞልታ ተመለሰች።

«አንቺም ብርድ መትቶሻል፤ ጠጪ። እሱን እስካሁን ያቆየው ይኸው ነው።»

ዶክተሯ አንዴ ተጎነጨች፤ ጨው እንደላሰ ሰው ፊቷን አጨማዳ ቀና ስትል፣ ቬልኮ የራሱን ጨርሶ ብርጭቆውን ለሚስቱ እየመለሰ ነበር።