ጠርዙ የተሸረፈው ኩባያ

ሰው ሁሉ አንድ ነገር በመረጠ ቁጥር እውነተኛ ምክንያቱን ጮክ ብሎ የሚናገር አምባር እንዲያስር ከታዘዘ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አስካለ ሻይ ቀዳችና ለሠራተኛዋ ለትርንጎ ጠርዙ የተሸረፈውን ኩባያ አቀበለቻት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነው። እጇ የገባውን የምታነሳ ይመስላት ነበር እንጂ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም።

«የእሷ አፍ የነካውን ስለምትጸየፊ ነው» አለ አምባሯ።

አስካለ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ኧረ ውሸቱን ነው! ትርንጎዬ፣ አንቺ እኮ ልጄ ነሽ!» እያለች ከቁምሳጥኑ የእንግዳውን ባለወርቅ ጠርዝ ኩባያ አወጣችና ሻዩን ገለበጠችበት።

«ጥላሽ እንዳትሄድ ስለፈራሽ ነው» አለ አምባሩ ደግሞ።

ትርንጎ ሻዩን ወደ ተሸረፈው ኩባያ መለሰች፤ ባለወርቁንም አስካለ ሳትነግራት ሁለቴ በሳሙና አጥባ ወደ ቦታው አስገባችው።

«ግድ የለም እትዬ፣ እኔ ይኼኛውን ለምጄዋለሁ» አለች ፈገግ ብላ።

አስካለ እፎይ ልትል ስትል የትርንጎ አምባር ተናገረ።

«ስላዘንሽላቸው ነው።»